የጀብራው የጡት አባት

ይማም አንዳንዱን ነገር ሊስት ይችላል። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ዘጠና አምስት ይሁን ዘጠና ስድስት እርግጠኛ አይደለም። ቅዳሜ እንደነበረ ያውቃል፤ ወሩን ግን አያውቅም፣ የካርቱም ሙቀት ወርን ከወር አያስለይምና። ማርማላታው የማንጎ ነበር ወይስ የብርቱካን? መነጽር የነበራት ጸሐፊዋ ናት ወይስ ነርሷ? ስድሳውን ካለፈ ወዲህ ነገር ከእጁ እንደ ጥሬ ይንጠባጠባል፤ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም የአንዱን ቀን ፍሬ ከሌላው ቀን ጋር ያፍሳል። እድሜውን ሙሉ ውሸት ላለመናገር ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው ነው፣ ከጥንቃቄው ብዛት ሰላምታ እንኳ አስቦ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ አስቀድሞ ይናገራል፦ ተሳስቼ ይሆናል። ልጅቱን ግን አልተሳሳትኩም።

አሁን ካርቱም ዳር ሶባ ነው፣ ቀትር ነው። አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲያሸልብ እሱ ብቻ የገመድ አልጋው ላይ ተጋድሞ የጣራውን ቆርቆሮ ቀዳዳ ያያል። ሌሊት እንቅልፍ አያጣም፤ እንቅልፍ የሚነሳው ይህ የቀትር ሰዓት ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠው የውኃ ጋን ከሥሩ ያንጠባጥባል። ጠብ ይላል፣ ይቆያል፣ እንደገና ጠብ ይላል፣ ይማምም ዓይኑን ሲጨፍን ጋኑ ጋን መሆኑ ይቀርና ከብረት ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት ይሆናል፣ የሚወርደው ውኃም እንደ ከርከዴ ሻይ የቀላ መድኃኒት ይሆናል፣ ከሥሩ ዘሊካ ክንዷን ዘርግታ ተኝታለች፣ እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ምን ልበላት? ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር የት ገባ? ዓይኑን ይገልጣል። ጋን ነው። ይጨፍናል። ዘሊካ ናት።

ዘሊካ የወሎ፣ የቃሉ አገር ልጅ ናት፤ ከእሱ መንደር ከሐርቡ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ካርቱም ቡሪ ሰፈር ውስጥ ሰሚሐ የምትባል አስተማሪ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ካርቱም በገባች በመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ሐፍላ ተሳፍራ፣ ያ ትንሹ አውቶቡስ ቡሪ ማድረሱ ቀርቶ ጀብራ ሰፈር ላይ ጣላት። ይማም ያኔ ጀብራ፣ አብደልዐዚዝ የሚባል ሰው የሚያሠራውን ፎቅ ይጠብቃል። ቀን ቀን ሲሚንቶውን ውኃ ያጠጣል፣ ማታ በሩን ሦስት ጊዜ ይቆልፍና በአራተኛው ተመልሶ ይነካዋል። አንዲት ልጅ ዚፑ የተበጠሰ ሻንጣ አቅፋ አሸዋው ክምር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ቢያገኛት፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት በአማርኛ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ከፎቁ ፊት ለፊት ከውሰር የስልክ ቤት ነበራት፤ ከውሰር እናቷ የደሴ ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ እሷ ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን እንደ ተሰበረ ሸክላ ገጣጥማ የምትናገር፣ ልቧ ግን ያልተሰበረ። ዘሊካ እዚያ ገብታ እናቷ ዘንድ ትደውልና ስትወጣ ይማምን ሰላም ትለዋለች። «አብዬ፣ አደሩ?» ትላለች። እሱም አስቦ ይመልሳል።

አንድ ረቡዕ ግን መጣች። ረቡዕ መጥታ አታውቅም። ሲሚንቶ የሚያጠጣበትን ጎማ እንደያዘ፣ «አብዬ፣ የጡት ነቀርሳ ነው አሉኝ» አለችው፣ ልክ ሐፍላ አመለጠኝ እንደምትል። ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት ሰሚሐ ናት፤ መጀመሪያ በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና፤ የመጀመሪያው እሑድ ነው። ሰሚሐ ፈተና ላይ ስለሆነች አብራት መዋል አትችልም። አስታማሚ የሌለውን ሰው ደግሞ አያስጀምሩም። ዘሊካ ይህን ሁሉ ተናግራ መልስ ጠበቀች፣ ውኃው በእግሬ ላይ ይፈስሳል፣ የወሎ ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ የሚላት አንዲት ቃል አለች፣ አብሽሪ ነው፣ አይዞሽ ነው፣ ዓረቡም እኛም የምንላት፣ አፌ ላይ መጣች፣ መልሼ ዋጥኳት። ያችን ቃል አንድ ጊዜ ብሏታል። ለሌላ ሰው ብሏታል። ዳግመኛ ላይላት ምሏል።

ዘኪያ ሚስቱ ናት። ነበረች። ልጅ አላህ አልሰጣቸውም። እሱ ሥራ ፍለጋ መጀመሪያ ገዳሪፍ የሰሊጥ ማሳ፣ ቀጥሎ ካርቱም ሲገባ እሷ ሐርቡ ቀረች፤ በዓመት ሁለቴ በሰው ይልክባትና በቀጠሮ ቀን ኮምቦልቻ ቴሌ መጥታ ትጠብቀዋለች። የዚያን ቀን ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ጡቴ ላይ እንደ ባቄላ የሚያህል ነገር ነበር፣ አሁን እንቁላል አክሏል። ደሴ ሐኪሙ ይቆረጥ ብሏል። ምን ትላለህ?» አለችው። ምን ትላለህ! አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ዘበኛ ምን ያውቃል? ግን ባል ነው፣ ጠይቃዋለች፣ አላውቅም ማለት ነውር መሰለው። በአገራችን ሽማግሌ ሁሉ የሚለውን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማውን፣ እንደ አዋቂ ጠቅልሎ ሰጣት። «ብረት እንዳይነካሽ። ነቀርሳ ብረት ከነካው ይቆጣል። ዱዓ አስደርጊ። አብሽሪ» አላት። ዝም አለች። ዝምታዋም በደቂቃ ይከፈልበት ነበር፣ እሱም ያንን አሰበ፣ አላህ ይቅር ይበለው፣ ያንን አሰበ። ከዚያ «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለች። ከዚያ በዐሥራ አንደኛው ወር ሞተች። የሞተችውን የነገረው የሐርቡ ሰው፣ «ብረት ሳይነካት ነው የሞተች፣ ገላዋ ሙሉ ነው» ብሎ ሊያጽናናው ሞከረ።

ለዘሊካ ረቡዕ ዕለት የመለሰላት ምን ነበር? «ውኃ ጠጪ» ብሏት ይሆናል።

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ዘሊካ ናት፣ ያንን የመጀመሪያ ቀን ሻንጣ አንግታለች፣ ዚፑን በሲባጎ አስራዋለች። ከኋላዋ ከውሰር ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«አብዬ፣ ልሰናበትዎ መጣሁ።»

«ለነገው ነው?»

«ለአገሬ ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ ድንበሩ ገላባት የሚሄድ አውቶቡስ አለ።»

«ዘሊካ እብድ ሆነ፣ ያ ዐሚ!» አለች ከውሰር፣ አጎቴ ማለቷ ነው። «ትኬት ገዛ! ወላሂ ትኬት ገዛ!»

«አንቺ መጀመሪያ አማርኛ ተማሪ።»

«አንቺ መጀመሪያ ታከም!»

ዘሊካ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰችና ወደ ይማም ዞረች። «ትናንት ለእናቴ ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ብረት እንዳይነካሽ አለች። ነቀርሳ ብረት ከነካው ገላ ሙሉ ይዛመታል፣ መርፌም ብረት ነው፣ ነይ እዚሁ ሸኹ ጋ ዱዓ እናስደርግልሽ አለች። እኔ ምን አውቃለሁ? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ይኸው መጣች። ስድስት ዓመት በባሕርም በበረሃም ዞራ፣ ያቺው ጥያቄ፣ በሌላ ሴት አፍ፣ ደጄ ድረስ መጣች። ምን ትላለህ። ይማም የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ቅሪ ብላት የእናቷን ቃል ሻርኩ፣ ሂጂ ብላት፣ ወይ ጉድ፣ የትኛውም ቃል ሰው ይገድላል፣ ዝም ማለትም ይገድላል። የዘኪያን ነገር ለራሱ እንኳ ተናግሮት አያውቅም፣ ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

«ሚስት ነበረችኝ» አለ።

«አውቃለሁ አብዬ፣ ሞተች ብለውኛል።»

«በምን እንደሞተች አልነገርኩሽም።»

ነገራት። ስልኩን፣ ባቄላውን፣ እንቁላሉን፣ ደሴን፣ ብረቱን፣ አብሽሪን፣ እሺ አንተ ካልክን። የራሱን ድምፅ ሲሰማ የሌላ ሰው መሰለው። ሲጨርስ ከውሰር ግንቡን ተደግፋ በቶብ መጎናጸፊያዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ዘሊካ ግን አላለቀሰችም። ሻንጣዋን አነሣች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ሄደች በቃ፣ አለ ይማም በልቡ፣ ሁለተኛዋም በእኔ አፍ ሄደች፤ ደግሞ በዚያ መሐል፣ በሩን ቆልፌው ነበር እንዴ፣ መውጣት ያቅታታል፣ ብሎ ተጨነቀ።

«ደሴ ብትሄድ ትድን ነበር?» አለች ሳትዞር።

«አላውቅም። እሱን አላህ ያውቃል። እኔ የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ተናገርኩ። እሱን ብቻ ነው የማውቀው።»

«አሁንስ ምን ይላሉ?»

«ነገ ሆስፒታል ሂጂ እላለሁ።»

«ማን አብሮኝ ይውላል?»

«እኔ።»

ዞረች። «እርስዎ? ፖሊስ ሲያዩ ጣራ ላይ የሚወጡት ሰውዬ? የመኖሪያ ወረቀት የሌለዎት?»

«እፈራለሁ» አለ ይማም። «እፈራለሁ፣ እመጣለሁ።»

ከውሰር ከግንቡ ተነሣች። «ላ፣ አይሆንም፣ ያ ዐሚ። አስታማሚው ቀሪብ ነው፣ ዘመድ። ወረቀት አለ፣ ትፈርማለህ። ምኗ ነህ ይላል። አባቷ ነኝ በል፣ ኸላስ፣ በቃ።»

«ውሸት ነዋ።»

«ትንሽ ውሸት!»

«ትንሽ የሚባል ውሸት የለም፣ ልጄ። እኔ ወረቀት ላይ አልዋሽም።»

ያኔ ዘሊካ ሻንጣዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ያጥቡኝ» አለች።

በእኛ አገር ልጅ የሌለው ሰው፣ ወይም አባት የሌለው ልጅ፣ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ የጡት ልጅነት ያደርጋል። አባት የሚሆነው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፣ ልጁ ያንን ጣት ይጠባል፣ ምስክር ያያል። ከዚያ ወዲያ የጡት አባቱ ነው፤ ሲታመም ያስታምመዋል፣ ሲሞት ይቀብረዋል፣ ማንም ባዳ ነው አይለውም። የተማሩ ሸኾች ሸሪዓ አያውቀውም ይሉ ይሆናል፣ ይማምም ይህን አሰበ፤ ቢሆንም አባቱ እንዲሁ አንድ ወንድም አምጥቶለት ያውቃል፣ ያ ወንድምም እስከ መቃብር ወንድም ሆኗል።

«እኔን?» አለ። «ይህን ከነገርኩሽ በኋላ?»

«እናቴም ብረት አይንካሽ አለችኝ። እሷ መጨረሻውን አላየችም። እርስዎ አይተዋል።»

ማር ግን የለም። ጀብራን ቢያስሱ የዚያን ሰዓት ማር የለም። ከውሰር ስልክ ቤቷ ሮጣ ቁርስ የምትበላበትን የማርማላታ ጣሳ ይዛ መጣች። ይማም ጣሳውን ገለባበጠው። ይህ ነገር ይጸናል? ነገ አንድ ሰው ማር አልነበረም ቢልስ? «በስሙስ ማር አለበት» አለች ዘሊካ፣ ያኔ ነው መጀመሪያ የሳቀችው፣ ከረቡዕ ወዲህ። ይማም እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፤ ሲሚንቶው ከጥፍሩ ሥር አልወጣ አለ፣ ሦስተኛ ታጠበ። ቢስሚላህ ብሎ አውራ ጣቱን ነከረ። ዘሊካ ጎንበስ ትላለች፣ ሻሿ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ጣቴ ይሞቃል፣ ዘኪያ፣ አየሽ ወይ፣ ልጅ መጣችልን። «ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል» አለች አፏን እየጠረገች። «ምስክር?» አለ ይማም። «እኔ አንድ፣ አላህ ሁለት» አለች ከውሰር፣ ጣሳውን እየከደነች። የአውቶቡሱን ትኬት ያን ማታ ምን እንዳደረጉት አያስታውስም።

እሑድ ሻንጣው ገላባት መሄዱ ቀርቶ ሆስፒታል ሄደ፤ ፎጣ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ቂጣ ተጨመረበት። ሐፍላው ውስጥ ይማም ፖሊስ ባየ ቁጥር አንገቱን ይሰብራል፣ ዘሊካ በክርኗ ትነካዋለች። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ፣ መነጽሩ የሷ መሰለኝ፣ ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች።

«ምኗ ነህ፣ ያ ሐጅ?»

«አባቷ።»

«እዚህ ዘሊካ ሰዒድ ይላል። አንተ ሰዒድ ነህ?»

«ይማም ነኝ። የጡት አባቷ ነኝ።» ይህን በዓረብኛ ሲል ላቡ በጀርባው ወረደ።

ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ያ ሐጅ፣ ወንድ ያጠባል እንዴ?» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንዲት ወፍራም ሴት፣ «ባሌ አንዲት ሌሊት እንኳ ልጁን አቅፎልኝ አያውቅም፣ ይኸኛው ያጠባል!» አለች፣ ሳቁ ባሰ። ይማም ጆሮው ጋለ። ሆኖም አልሸሸም፤ የአገሩን ልማድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዘረዘረ፣ ማሩን፣ ጣቱን፣ ማር ስለጠፋ ማርማላታ መሆኑን ጭምር፣ ሳይደብቅ። ጸሐፊዋ መሳቋን ተወች። «የትኛው ጣት ነው?» አለች። አወጣላት። ያንን አውራ ጣት በሁለት ጣቷ ይዛ የቀለሙ ስፖንጅ ላይ ተጫነችው። «መፈረም እችላለሁ፣ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ» አላት። «ፊርማህን አልፈልግም» አለችው፣ «አባት የሆነው ይህ ጣት ነው፣ እሱው ይመስክር።» ወረቀቱ ላይም አሳረፈችው።

ነርሷ የደም ሥር ስትፈልግ ይማም ዓይኑን ጨፈነ። ዘሊካ አልጨፈነችም። «ይኸው፣ ነካኝ» ስትል ሰማት። ቀዩ ነገር መውረድ ጀመረ። እሱ ያጠናውን ንግግር ሊጀምር፣ «እንግዲህ ልጄ፣ የአላህ ነገር…» ሲል፣ «አባዬ፣ ምክር ይቅርብኝ» አለች። አባዬ አለችው። «ፈርቻለሁ። አይዞሽ ያላለኝ ሰው የለም፣ ሰሚሐ አብሽሪ፣ ሐኪሙ አብሽሪ፣ የሐፍላው ሾፌር አብሽሪ። አንተ ዝም ብለህ ቁጭ በል። ወይ ስለ ዘኪያ ንገረኝ።»

«ስለ ሞቷ ነገርኩሽ።»

«ስለ ሞቷ አላልኩም። ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ዘኪያን ስልክ ላይ ብቻ ነበር የሚያያት፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ። አሁን ግን ባቲ ገበያ ላይ ቆማ መጣችለት። ሰኞ ሰኞ የሻሽ ዋጋ ትደራደራለች፣ እስከ እኩለ ቀን ትከራከራለች፣ ነጋዴው ተሸንፎ በቃ ውሰጂው ሲል፣ «አይ፣ ቀለሙን አልወደድኩትም» ብላ ትሄዳለች። እሱ አህያዋን ይዞ በሃፍረት መሬት ያያል፣ እሷ መንገድ ሙሉ ትስቃለች። ዘሊካ ሳቀች፣ ሳቋ ወደ አጠገቧ አልጋ ተሻገረ፣ እዚያ ያለችው በሽተኛ ምን አለ ብላ በዓረብኛ ጠየቀች፣ ዘሊካ ተረጎመችላት፣ እሷም ሳቀች። ሲያቅለሸልሻት ሳህኑን ያዘላት፣ ፎጣውን አርሶ ግንባሯ ላይ አደረገው፣ የቀረውን ዘኪያን ቀጠለ። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን የዐስር ሶላት ተቃርቦ ነበር። ከስድስቱ አንዱ አለፈ።

አምስቱም አለፉ። ሦስተኛው ክፉ ነበር፤ በቃኝ አለች፣ አንድ ቀን ሙሉ ግድግዳ እያየች ተኛች፣ ይማምም ሳይመክር ከጎኗ ተቀምጦ ዋለ። ጸጉሯ ሲረግፍ ሰሚሐ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ቶብ ሰጠቻት፤ «አሁን ሱዳን መሰለ» አለች ከውሰር፣ ማድነቋ ነው። ቀዶ ጥገናው ተደረገ፣ የይማም ጣት ሌላ ወረቀት ላይ አረፈ። ሲሻላት አገሯ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ፎቁ አለቀ፣ አብደልዐዚዝ ቤተሰቡን አስገባ፣ ይማም ወደ ሶባ መጣ። ሰው ሁሉ ሞባይል ሲይዝ የከውሰር ስልክ ቤት ተዘጋ፣ እሷም ከባሏ ጋር ፖርት ሱዳን ሄደች። ዘሊካ ዘንድ የነበረው ቁጥር የስልክ ቤቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዛሬ እንዴት እንደሆነች አያውቅም፣ ሌላ ሰው ቢሆን በክፉ ያስብ ነበር፣ እሱ ራሱ ስለ በር ቁልፍ እንኳ የሚጨነቅ ሰው ነው፣ ስለ እሷ ግን፣ ይገርመዋል፣ አይሰጋም።

የመጨረሻው ወሬ የተሰማው ከሄደች በዓመቱ ነው፣ እሱ ገና ጀብራ ሳለ፣ የዒድ ማግሥት፣ ቀትር ላይ፤ ይህን አልተሳሳተም። አገሩ ሁሉ ተኝቷል። ከውሰር ባዶ እግሯን ከስልክ ቤቷ ወጥታ፣ «ያ ዐሚ! ኢትዮጵያ ነው! ልጅህ ነው!» እያለች መንገዱን አቋረጠች። ይማም በሩን ሳይቆልፍ ሮጠ።

«አባዬ! ትሰማኛለህ? ጸጉሬ ተሠርቷል!»

«ሐኪሙስ?»

«ታየሁ። ምንም የለም አሉ፣ በዓመቱ ተመለሺ አሉ። ስማኝ፣ ደቂቃው ሳያልቅ። ሐርቡ ሄጄ ነበር። ዘኪያ መቃብር።»

ይማም የስልኩን ገመድ ያዘ።

«ፋቲሐ ቀራሁላት። ልጅሽ ነኝ አልኳት። ብረት ነክቶኝ እንደቆምኩ አሳየኋት።»

ዝም አለ። ዘሊካም ዝም አለች፣ ደቂቃው ይሄዳል፣ በዚህ ጊዜ ግን ይማም ስለ ደቂቃው አላሰበም።

«አባዬ? አለህ?»

«አለሁ» አለ። «አንቺስ?»

«አለሁ» አለች፣ መስመሩም ተቋረጠ።